ማበላለጥ በዐረብኛና በአማርኛ፦ «አክበር» ለአማርኛ አስተማሪ ምን ያሳየዋል?



በዚህ እትም የምንመለከተው ርእስ በሰዋስው መጻሕፍት «የቅጽል ደረጃዎች» እየተባለ የሚጠራው ነው። ይኸውም አንድን ነገር ከሌላው ጋር አስተያይተን «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ወይም «ይህ ከሁሉ ይበልጣል» ስንል ቋንቋው የሚሠራው ሥራ ማለት ነው። የፊተኛውን አበላላጭ ደረጃ፣ የኋለኛውን የበላይ ደረጃ እንበላቸው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ኮምፓራቲቭና ሱፐርላቲቭ ሲባሉ የሰማናቸው እነዚሁ ናቸው።

«ታዲያ ዐረብኛን ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሩቅ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ሳሪስ ወይም መካኒሳ፣ ላፍቶ ወይም ጀሞ ስትመደቡ በመጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው የክፍሉ የስም መዝገብ ነው። ገልጣችሁ ስታነቡ አህመድ፣ አክረም፣ አሽረፍ፣ ሁስና፣ ኩብራ የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ዝቅ ስትሉ ደግሞ ይልቃል፣ ይበልጣል፣ በላይ፣ ጫላ ይመጣሉ። እነዚህ ሁሉ የማበላለጫ ቃላት ናቸው። ወላጅ ልጁን «ይብለጥልኝ» ብሎ ሲሰይም አንዱ በዐረብኛ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሦስተኛው በኦሮምኛ ሰዋስው ተጠቅሟል። የሦስቱ መንገድ ግን አንድ አይደለም። የዐረብኛውን መንገድ በሚገባ ያየ ሰው የራሱን አማርኛ በአዲስ ዐይን ያያል፤ በተለይም «ከ» የምትባለው ትንሽ ቃል በክፍል ውስጥ የምታመጣውን ጣጣ ይረዳል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። የዐረብኛውን ቃል በፊደላችን ስንጽፍ ሁሉም ድምፅ በትክክል አይገባም። ሐዲስ፣ ዑስማን ሲባል «ስ» ሆና የምትጻፈው ድምፅ በዐረብኛው ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች «አክሰር» ብለን የምንጽፈውን ብዙ ሰው በንግግር «አክተር» ይለዋል፤ ሁለቱም ያው አንድ ቃል ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ዐረብኛ ለማበላለጥ ቅጽሉን ራሱን ይቀርጸዋል። ዘዴውም እንዲህ ነው። ከቅጽሉ ሦስቱን ሥር ፊደላት ብቻ ይወስዳል፤ የቀረውን ድምፅ ይጥላል፤ ከዚያም ሦስቱን በአንድ ፎርማ ውስጥ ያስገባቸዋል። ፎርማው በዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ዘንድ «አፍዐል» ይባላል። መጀመሪያ «አ»፣ ከዚያ አንደኛው ሥር ፊደል በሳድስ፣ ሁለተኛው በግዕዝ፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ። ከቢር (ትልቅ) አክበር ይሆናል። ጸጊር (ትንሽ) አጽገር፣ ጠዊል (ረጅም) አጥወል፣ ቀሪብ (ቅርብ) አቅረብ፣ ሰህል (ቀላል) አስሀል ይሆናሉ። የመነሻው ቅጽል ቅርጽ ከቢርም ሆነ ሰህል ለፎርማው ደንታው አይደለም። ጭቃው ከየትም ይምጣ፣ ከጡብ ፎርማው የሚወጣው አንድ ዓይነት ጡብ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ክ-ብ-ር የኛም ሥር ነው፤ ቀ-ር-ብም እንዲሁ። «አቅረብ» ሲባል «አቅርብ» ተብሎ የታዘዘ የሚመስለው ሰው ይኖራል። በአማርኛና በግዕዝ ከግሥ ፊት የምትመጣው «አ» ማድረግን ታመለክታለች፤ ቀረበ፣ አቀረበ። በ«አፍዐል» ፎርማ ውስጥ ያለችው «አ» ግን ማንንም አታዝም፣ ምንም አታስደርግም። ብልጫን ብቻ ታሳያለች።

ሥር ፊደላቱ የማይመቹ ሲሆኑ ፎርማው ጥቂት ይጣመማል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል አንድ ከሆኑ ተዋሕደው ይጠብቃሉ፤ ጀዲድ (አዲስ) አጀድ፣ ሸዲድ (ብርቱ) አሸድ፣ ከኛ «ቀለለ» ጋር ዘመድ የሆነው ቀሊል (ጥቂት) አቀል ይሆናል፤ የመጨረሻው ፊደል በሦስቱም ይጠብቃል። መጨረሻው ደካማ ፊደል ከሆነ ደግሞ በ«አ» ድምፅ ያልቃል፤ ገኒ (ሀብታም) አግና፣ ቀዊ (ኃይለኛ) አቅዋ። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃናል።

አሁን አህመድን እንመልከተው። ሥሩ ሐ-ም-ድ ነው፣ ምስጋና። በፎርማው ሲገባ «አሕመድ» ይሆናል፤ «ይበልጥ የሚመሰገን» ማለት ነው። አክረም «ይበልጥ ቸር»፣ አሽረፍ «ይበልጥ የከበረ» ነው። ሴቶቹስ? የዚህ ፎርማ የሴት ጾታ «ፉዕላ» የሚባለው ነው። ከአክበር ኩብራ፣ ከአሕሰን (ይበልጥ ያማረ) ሑስና ይወጣሉ። ስለዚህ በክፍላችሁ ውስጥ ያለችው ኩብራ ስሟ «ታላቂቱ፣ ትልቋ» ማለት ነው።

ታዲያ ፋጢማ በዕድሜ አህመድን ብትበልጠው ዐረቡ ምን ይላል? «ኩብራ» የሚል ይመስለናል፤ አይልም። «ፋጢመቱ አክበሩ ሚን አሕመደ» ይላል። «ሚን» ተከትሎ ሁለት ነገር በሚመዘንበት ጊዜ ቃሉ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም ሳይለወጥ «አክበር» ሆኖ ይቀራል። በአማርኛ ግን «ፋጢማ ከአህመድ ትበልጣለች» ስንል ግሡ ከፋጢማ ጋር በጾታ ይስማማል። አማርኛ የሚለውጠውን ዐረብኛ አይለውጥም፤ ዐረብኛ የሚቀርጸውን አማርኛ አይቀርጽም። መንታ ሳይሆኑ የአክስት ልጆች ናቸው።

የበላይ ደረጃ ሲመጣ ዐረብኛ ሌላ ቅርጽ አያበጅም። ያው አክበር ነው። እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ጭራዎች ሲያበዛ ዐረብኛ በአንዱ ፎርማ ሁለቱንም ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በጎረቤቱ ነው። ከኋላው «ሚን» ካለ አበላላጭ ነው። ከፊቱ «አል» ካለ ወይም ከኋላው ስም ከተዛረፈለት የበላይ ደረጃ ነው። «አክበሩ መዲነቲን» ሲል «ከሁሉ ትልቋ ከተማ» ማለቱ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ሲነገር አዲስ አበባ ናት። «አል» ሲገባ ግን ጾታው ይመለሳል፤ «አልወለዱል አክበር» ትልቁ ልጅ፣ «አልቢንቱል ኩብራ» ትልቋ ልጅ። በዐረብኛ ዜና ታላቋ ብሪታንያ «ብሪጣንያ አልዑዝማ» ስትባል የምንሰማው በዚሁ ሕግ ነው፤ ዑዝማ የአዕዘም ሴት ናት።

በየሠፈሩ በቀን አምስት ጊዜ በአዛን የምንሰማው «አላሁ አክበር» «ሚን»ም «አል»ም የለውም። ሰዋስው ዐዋቂዎች ከሰጡት ማብራሪያ አንዱ «ሚን ኩሊ ሸይእ» (ከነገር ሁሉ) የሚለው ተትቶ ነው የሚል ነው። መነሻው ያልተነገረው ስለማይወሰን ነው። በአማርኛ «አላህ ታላቅ ነው» ብለን ስንመልሰው የማበላለጡ ፎርማ ይቀርብናል፤ «ከሁሉ ይበልጣል» ብንል ወደ ቃሉ እንጠጋለን። አስተርጓሚ ለመሆን የሚፈልግ ሠልጣኝ ቢኖር እዚህች ላይ ቆም ብሎ ያስብ።

ከሕጉ የወጡ ቃላትም አሉ። «ኸይር» (ይሻላል) እና «ሸር» (ይከፋል) ያለ «አ» የሚያበላልጡ ናቸው። ኸይር በወሎም በሐረርም በአማርኛ ንግግር ውስጥ የገባ ቃል ነው፤ ሸርንም «ሸረኛ» እያልን የምንጠቀምበት ነው። «አልዊቃየቱ ኸይሩን ሚነል ዒላጅ» ማለት «ከማከም መከላከል ይሻላል» ማለት ነው። የሚገርመው የኛም «ይሻላል» አፈንጋጭ መሆኑ ነው። ከ«ይረዝማል» ረጅም፣ ከ«ያጥራል» አጭር የሚል ቅጽል እናገኛለን። ከ«ይሻላል» ግን እንዲህ ያለ ቅጽል የለንም፤ «የተሻለ» እያልን እንዞራለን።

ትልቁ ወጥመድ ቀለማት ናቸው። አባይ ከኛ ወጥቶ ካርቱም ሲደርስ ዐረቦቹ «አንኒል አልአዝረቅ» ይሉታል። አዝረቅ ሰማያዊ ነው። ቅርጹን ተመልከቱት፤ አዝረቅ፣ አክበር፣ አንድ ፎርማ! ነገር ግን «ይበልጥ ሰማያዊ» ማለት አይደለም፤ ሰማያዊ ብቻ ነው። ቀይ ባሕርም «አልበሕሩል አሕመር» ነው። አሕመድና አሕመር በአንዲት ፊደል ቢለያዩም አንዱ ማበላለጫ፣ ሌላው ቀለም ነው። የአካል ጉድለትን የሚነግሩ ቃላትም በዚሁ ፎርማ ይገባሉ። መለያው ዘዴ ወደ ሴት ጾታ ማዞር ነው። ማበላለጫው ኩብራ እንደሚለው በ«ፉዕላ» ሲሄድ ቀለሙ በ«ፈዕላእ» ይሄዳል፤ ሐምራእ፣ ዘርቃእ። የ1961 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ መሪዎች ስብሰባ የተደረገባት ካዛብላንካ በዐረብኛ «አድዳሩል በይዳእ» ናት፤ ነጯ ቤት ማለት ነው።

ቀለሙ ፎርማውን አስቀድሞ ስለያዘው ዐረብኛ «ይበልጥ ጥቁር» ለማለት ሲፈልግ በዙሪያ ይሄዳል። «አሸዱ ሰዋደን» ይላል፤ ቃል በቃል «በጥቁረት ይበልጥ ብርቱ» ማለት ነው። ከሦስት ሥር ፊደል በላይ ላላቸው ቃላትም መንገዱ ይኸው ነው፤ ለትጉህ ተማሪ «አክሰሩ ኢጅቲሃደን»፣ በትጋት የሚበዛ። በዚህ በቀለሙ ነገር የባስራና የኩፋ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ የባስራዎቹ ሲከለክሉ የኩፋዎቹ ለጥቁርና ለነጭ ፈቅደዋል። የሚያስተምሩት የባስራውን ነው።

ከዐረብ አገር ሥራ ተመልሰው የመጡ እኅቶቻችን የሚናገሩት ዐረብኛ ከዚህ የቀለለ ነው። አሕሰን፣ አክተር፣ አርኸስ (ይበልጥ ርካሽ) ይላሉ፤ ስለ ሴትም ስለ ወንድም ቅርጹን አይለውጡም። ይህ ስሕተት አይደለም፤ በንግግር የተለመደው እንዲያ ነው። ተማሪያችሁ እናቷ ያስተማረቻትን «አሕሰን» ይዛ ብትመጣ «ይህ ዐረብኛ አይደለም» እንዳትሏት።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ግዕዝ ከዐረብኛ ጋር ዘመድ ቢሆንም የ«አፍዐል» ፎርማ አይሠራበትም። «የዐቢ እም…» ብሎ በግሥና በ«እም» ይገልጸዋል። አማርኛም ያንኑ ይዞ ነው የመጣው። የኛ ቅጽል ለማበላለጥ አይንቀሳቀስም። ትልቅ ምንጊዜም ትልቅ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግሡና «ከ» ናቸው፤ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይረዝማል፣ ይከፋል። «ይልቅ» የምንለው ቃል ራሱ ከ«ላቀ» የወጣ ግሥ ነው፤ የመዝገቡ ይልቃል ወንድሙ ነው። ኦሮምኛም በግሥ ነው የሚሄደው፤ ጫላ «የሚበልጥ» ማለት ሲሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ «ይልቅ» የምንልበት ቦታ ላይ ይገባል። ወደ ዐረብኛው የሚጠጋ ነገር በአማርኛ ከተፈለገ «ታላቅ» እና «ታናሽ» ናቸው። «ታላቄ ነው፣ በሁለት ዓመት» ስንል «ከ» ሳያስፈልገን ቃሉ ብቻውን ያበላልጣል።

ልብ በሉ፤ መነሻውን የሚያሳዩት ቃላት ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። የዐረብኛው «ሚን»፣ የግዕዙ «እም»፣ የአማርኛው «ከ»፣ የኦሮምኛው «ኢራ» ሁሉም «ከአንድ ቦታ መነሣት»ንም ይናገራሉ። ማበላለጥ ማለት ከአንድ ምልክት ተነሥቶ መለካት ነውና። ለትርጉሙ የሚያምር ነው፤ ለክፍል ግን ጣጣ አለው።

አንድ ልጅ «ጀሞ ከመካኒሳ ይርቃል» ብሎ ጻፈ እንበል። ምን ማለቱ ነው? ከመካኒሳ ተነሥቶ ጀሞ ለመድረስ መንገዱ ሩቅ ነው? ወይስ ከሜክሲኮ አደባባይ ሲነሡ ከመካኒሳ ይልቅ ጀሞ ይርቃል? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። ዐረቡ ለመጀመሪያው «በዒድ ዐን»፣ ለሁለተኛው «አብዐድ ሚን» ስለሚል አይደናገርም፤ ቅርጹ ይነግረዋል። እኛ ቅርጽ ስለሌለን ልጁን «ይልቅ»ን ማስገባት ወይም መነሻውን መንገር ልናስለምደው ይገባናል። «ከሜክሲኮ ሲነሡ ጀሞ ከመካኒሳ ይልቅ ይርቃል» ካለ ተፈታ።

ጣጣው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይብሳል። «ይልቃል 12 ብር አለው። ይልቃል ከጫላ በ5 ብር ይበልጣል። ጫላ ስንት ብር አለው?» ልጁ «ይበልጣል» የሚለውን ባየ ጊዜ ይደምርና 17 ይላል። መምህሩ «ሒሳብ አይገባውም» ብሎ ይደመድማል። ልጁ እኮ 12ትን እና 5ን መደመር ያውቃል! ያልያዘው ማን መነሻ እንደሆነ ነው። «ከ» የተለጠፈችበት ጫላ መነሻ ነው፤ «በ» የተለጠፈችበት 5 የብልጫው ልክ ነው። ከጫላ ተነሥቶ 5 ተጨምሮ ነው 12 የተደረሰው፤ ስለዚህ ጫላ 7 ብር አለው። የዐረብኛውም አሠራር ይኸው ነው፤ «አክበሩ ሚንሁ ቢሰነተይን» ሲል «ሚን» የኛ «ከ»፣ «ቢ» የኛ «በ» ናት፤ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል። አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ የሚሄደው በዚህች ምክንያት ከሆነ የአማርኛውም አስተማሪ ተጠያቂ ነው።

ስለ «በጣም» ሳንናገር አናልፍም። ብዙ ተማሪ የእንግሊዝኛውን አበላላጭ «በጣም ትልቅ» ብሎ ይመልሰዋል። «በጣም» መነሻ የለውም፤ ብልጫ ሳይሆን ብርታት ነው የሚነግረን። ዐረብኛም ለዚህ «ከቢር ጂደን» ይላል፤ አክበርን አይነካም። የዚህ ወንድም ደግሞ በየማስታወቂያው የምናየው «የበለጠ ጥራት፣ የበለጠ ጣዕም» ነው። ከምን የበለጠ? ሳሙናው ከሌላ ሳሙና ነው ወይስ ካምናው ሳሙና? «ከ»ን ደብቆ «የበለጠ»ን ብቻ ማስጮህ ለነጋዴ ይመቸዋል። ተማሪዎቻችን «ከምን?» ብለው መጠየቅን ቢለምዱ ለሰዋስውም ለኪሳቸውም ይጠቅማል።

ለልምምድ ስትወጡ ይህን ትምህርት በቅጽል ዝርዝር አትጀምሩት። ሁለት ልጆች ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሙ። «ማን ይረዝማል?» በሉ። ክፍሉ «ጫላ!» ይላል። «ከማን?» ብላችሁ አስጨርሱ። ሦስተኛ ልጅ ጨምሩ፤ አሁን «ከሁለቱም»፣ ቀጥሎ «ከሁሉም» ይመጣል። አበላላጩና የበላይ ደረጃው በአንድ «ይረዝማል» ሲነገሩ የሚለወጠው መነሻው ብቻ መሆኑን ልጆቹ በዐይናቸው ያያሉ። ከዚያ ወዲያ ነው «ይልቅ»፣ «ከሁሉ የሚረዝመው»፣ «ረጅሙ» የሚሉት በሰሌዳው ላይ የሚጻፉት። በቁመት የሚሸማቀቅ ልጅ ካለ ግን ልጆቹን ትታችሁ እርሳሶችን አወዳድሩ፤ እርሳስ አያፍርም።

መልመጃ

1ኛ/ ቀጺር (አጭር)፣ ጀሚል (ቆንጆ)፣ ዐዚዝ (ውድ) የሚሉትን በ«አፍዐል» ፎርማ አስገቡ። በሦስተኛው ላይ የሚጠብቀው ፊደል የትኛው ነው?

2ኛ/ «አስመር» የሴት ጾታው «ሰምራእ» ነው። ቃሉ ማበላለጫ ነው ወይስ ቀለም? በምን ዐወቃችሁ?

3ኛ/ «ሐና ማርያም ከላፍቶ ይርቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለሁለቱ ትርጉሞቹ ለየብቻ፣ አሻሚነቱ በማይቀርበት ሁኔታ ሳይሆን በሚጠፋበት ሁኔታ ጻፉ።

4ኛ/ ኩብራ 15 ደብተር አላት። ከሁስና በ4 ታንሳለች። ሁስና ስንት ደብተር አላት? መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት መነሻዋ ማን እንደሆነች አስምሩባት፤ ቀጥሎም 11 ብሎ የመለሰ ተማሪ ቢገጥማችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ።